ስልሳ አራት ማይል

ባለቤቷ አንድም ቀን ተቀምጦባት አያውቅም። እኔ በጠበቅኳት ስድስት ዓመት ውስጥ ሊያያት የመጣው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ልብሷን ገልጬለት፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሁለት ዙር ዞራት፤ በመስኮቷ አጎንብሶ ማይሏን አነበበ፤ አመስግኖኝ ሄደ። ለምን ገባ ብሎ አይቀመጥም ብዬ ብጠይቀው የወንበሩ ቆዳ ይሸበሸባል አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

መኪናዋ ፖርሽ 911 አር ናት፤ በ2016 የወጣች። (የአገር ቤቱን ካልሆነ በቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።) ባለ አራት ሊትር ሞተር፣ 500 የፈረስ ጉልበት፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ። ክብደት ይቀንስ ተብሎ የኋላ ወንበር የላትም፤ ጣሪያዋ ማግኒዚየም ነው። መሐንዲሶች ግራም በግራም እየቆጠሩ የለፉት እንድትሮጥ ነው። ማይሏ ግን 64 ነው። ከስልሳ አራቱም አብዛኛውን የሄደችው ከመርከብ ስትወርድ፣ መኪና ላይ ስትጫንና ስትወርድ ይመስለኛል።

ዋሽንግተን እንደመጣ አበሻ ሁሉ እኔም ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የሰው ቁልፍ ተሸክሜ። አሁን የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የሀብታሞች መኪና በሚቀመጥበት መጋዘን ነው። አርባ አንድ መኪና አለን። ፓርኪንግ ቤት መኪና ይገባል፣ ይወጣል፤ እዚህ ይገባል እንጂ አይወጣም። ጠዋት በሩን ስከፍት የሚሰማኝ የእርጥበት ማድረቂያው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ታዲያ የቆመ መኪና ዝም ብሎ የሚቆም አይምሰላችሁ። ባትሪው ይሞታል፤ ስለዚህ እያንዳንዷ እንደ አልጋ ቁራኛ በሽቦ ከቻርጀር ጋር ታስራለች። ጎማ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ይጎብጣል፤ ነፋሱን ከፍ አድርጌ እሞላለሁ፣ በየወሩም በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ክንድ ያህል አንቀሳቅሳታለሁ። ቤንዚን ያረጃል። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ላይ ውሃ ይጠጣል። ላስቲኩ ይደርቃል። አይጥ ደግሞ የሽቦ ሽፋን ይወዳል። በኦሪት ዘጸአት እስራኤላውያን ለነገ ይሆነናል ብለው ያስተረፉት መና አድሮ ተልቶ እንደተገኘ ተጽፏል። እኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ መናው እንዳይተላ ነው።

ይህ የአባቴ ሥራ ነው። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ የገጠር ደብር ገበዝ ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከወገቡ አይለይም። ካባውን፣ ጃንጥላውን፣ ጽናውን፣ ከሁሉ በላይ የብራና መጻሕፍቱን ይጠብቅ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አውጥቶ ነፋስ ያስነካል፣ ካባውን ከብል ያራግፋል፣ ማኅደሩን ይጠግናል። አይጥ የሱም ጠላት ነበር። እኔም መጋዘኑ ውስጥ ከአንዷ ልብስ ወደ ሌላዋ ልብስ ስዘዋወር ራሴን የመኪና ገበዝ ብዬ እጠራለሁ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ታማትባለች።

ልጅ ሳለሁ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ቤታችን ገብቶ ከእናቴ ጠላ እየጠጣ ስለ አንድ ብራና ጠየቀ። አባቴ ዝም አለው። ሰውዬው ደገመ፦ "አባ፣ ዋጋው ስንት ነው?"

"ዋጋ የለውም።"

"ዋጋ ከሌለውማ እንዲሁ ይስጡኛ።"

ሰውዬው በራሱ ቀልድ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም፤ ጠላው እንዲጨመርለት ለእናቴ ምልክት ሰጣትና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ሁለት ቃል ስንት ጊዜ እንዳላመጥኳት! ጭራሽ የማይረባውንም፣ ከቶ የማይተመነውንም በአንድ አፍ "ዋጋ የለውም" እንላለን። ብራናው ከገበያ የወጣው ከላይ በኩል ነው፤ የተቀደደ ጆንያ ደግሞ ከታች በኩል። በመካከል ያለው ሁሉ ዋጋ አለው።

ፖርሿ ዋጋ አላት። ሌላ ነገር የላትም ብል ደግሞ ብዙ አላጋነንኩም።

እንግዲህ ለብዙ ጊዜ የጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንድን ነገር ሸፍኖ፣ ሰው እንዳይነካው አድርጎ ማኖር በራሱ ክፉ ሊሆን አይችልም፤ እኔ ያደግሁት በዚያ ነው። መቅደሱ መጋረጃ አለው። ታቦቱ በልብስ ተሸፍኖ፣ በተካነ እጅ ብቻ ይነካል። አጠቃቀምን መከልከል ማክበር ሊሆን እንደሚችል ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ ሕዝብ የት አለ? ታዲያ የመጋዘኑ ሽፋን ስገልጥ ለምን ያሳፍረኛል?

መልሱ የመጣልኝ በአንድ የጥምቀት ዋዜማ ነው፤ ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየነዳሁ። ታቦት ይወጣል። በዓመት ጥቂት ቀን ቢሆንም ይወጣል፤ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፣ እልል ይባልለታል፣ ጃን ሜዳ ያድራል። አባቴ ነፋስ ያስነካው የነበረው ካባ በንግሥ ቀን ካህኑ ላይ ይታያል፤ ብራናው ይነበባል፣ ሰም ይንጠባጠብበታል፣ ጠርዙ ከስንት አንባቢ ጣት ወዝ ጠቁሯል። የተሸፈነው ለበዓል ነው። የእኔ ፖርሽ በዓል የላትም። ያላት አንድ ቀን ነው፣ የምትሸጥበት ቀን፤ ያን ቀንም ልብሷ የሚገለጠው የሌላ ሰው ልብስ እንድትለብስ ነው። የአባቴ ዕቃ ከገበያ ተለይቶ ተቀምጧል፣ ይህች ለገበያ ተለይታ ተቀምጣለች። ከውጭ ለሚያይ ግን ሁለቱም ቁልፍ፣ ሁለቱም መጋረጃ፣ ሁለቱም "አትንካ" ነው። ሐሰተኛ ሳንቲም የሚሠራው የእውነተኛውን መልክ ይዞ አይደል?

የጥቂትነቱን ነገር ላውራ፤ እዚህ ላይ ሥራዬ ብዙ አስተምሮኛል።

ድሮ ጥቂትነት ከአጋጣሚ ይመጣ ነበር። ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 ባለው ጊዜ 250 ጂቲኦ የተባለችውን ሠራ። ለውድድር ብቁ ለመሆን በደንቡ መቶ መኪና መሠራት ነበረበት፤ ፌራሪ ይህችማ የድሮዋ መኪናዬ ሌላ ገጽታ ናት ብሎ ተከራክሮ 36 ሠርቶ አቆመ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሳለች 18,000 ዶላር ገደማ ነበረች፤ ገዢውን ሽማግሌው ኤንዞ ፌራሪ ራሳቸው ሳይፈቅዱ አትሸጥም ነበር። ከዚያ ተጋጩባት፣ ገለበጧት፣ ስታረጅ በርካሽ ሸጧት። በነሐሴ 2018 ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ላይ አንዷ በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር ወጣች። ቢሆንም ያቺ መኪና ሥራዋን ሠርታለች፤ ገላዋ ላይ ያለው ጠባሳ የእውነት ነው። ዋጋዋ ጡረታዋ ነው ልበል።

ዛሬ ግን ጥቂትነት ራሱ ይፈበረካል። የእኔዋ 911 አር የተሠራችው 991 ሆና ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ያንን የመኪና ትውልድ በውስጥ ስሙ 991 ይለዋል። በ2023 የወጣችው 911 ኤስ/ቲ ደግሞ 1,963 ናት፤ የ911 የትውልድ ዓመት 1963 ስለሆነ። ሠለስቱ ምዕትን 318 ብሎ ቆጥሮ ያደገ እንደኔ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ልቡ ትንሽ ይርዳል፤ ምሥጢር ያለበት ይመስላል። ምሥጢር የለበትም። ብረት አላለቀም፣ ሠራተኛ አልጠፋም። አንድ ሰው ስብሰባ ላይ ቁጥሩን ጻፈው።

ቁጥሩም ሥራውን ሠራ። 911 አር አሜሪካ ውስጥ መነሻ ዋጋዋ 184,900 ዶላር ነበር። ወራት ሳይቆይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሸጠች፤ ሚሊዮን የጠሩባትም ነበሩ። በኋላ በ2017 ፖርሽ 911 ጂቲ3 ቱሪንግን አወጣ። እሷም 500 ፈረስ፣ እሷም በእጅ ማርሽ፣ እሷም ያለ ትልቁ የኋላ ክንፍ፣ ቁጥሯም ያልተገደበ። የአር ዋጋ ወዲያው ወረደ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ፤ በኋላ መጋዘኔ የገባችው መኪና ያን ሳምንት አንድ ቡሎን አልላላባትም። ቀለሟ ያው፣ ሞተሯ ያው። የተለወጠው ሩቅ ቦታ ያለ የማታውቀው ሰው እሷን የመሰለች ማግኘቱ ነው። ታዲያ ያ የጠፋው ገንዘብ የት ተቀምጦ ነበር? መኪናዋ ውስጥ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ተቀምጦ የነበረው በሌላው ሰው ማጣት ውስጥ ነው። እኔ የገዛሁት ነገር ዋጋው ያንተ ማጣት ከሆነ፣ አንተ ባገኘህ ቀን እኔ አዝናለሁ ማለት ነው። ለዚህ ስሜት ሃይማኖታችን የቆየ ስም አለው፤ ቅናት ይባላል፣ ነገር ግን ከሌለው ወደ አለው የሚሄድ ሳይሆን አቅጣጫውን የገለበጠ ቅናት።

በ1980ዎቹ መጨረሻም እንዲሁ ሆኗል። ኤንዞ ፌራሪ በነሐሴ 1988 ሲሞቱ ኤፍ40 ገና አዲስ ነበረች፤ ሽማግሌው ያጸደቋት የመጨረሻዋ ተብላ ሰው አበደባት። መጀመሪያ አራት መቶ ይሠራሉ ተብሎ በመጨረሻ ከ1,300 በላይ ተሠሩ፤ ዋጋዋ ጣሪያ ነክቶ የኢኮኖሚው ነገር ሲገለበጥ አብሮ ወደቀ። ጃጓር ደግሞ በ1988 ኤክስጄ220ን ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር አድርጎ አሳየና 50,000 ፓውንድ ቀብድ ተቀበለ፤ በ1992 ስትደርስ ስድስት ሲሊንደር ነበራት። ገዢዎቹ ያስቡት የነበረውን ትርፍ ሲያጡ ሲሊንደር መቁጠር ጀመሩ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዋጋው ቢጨምር ኖሮ ስድስቱም በበቃቸው።

አየር በአየር እንለዋለን እኛ። ነገሩን ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል በየትኛውም ቋንቋ አላገኘሁም።

አብሮኝ የሚሠራው ኤልሳልቫዶራዊ ግን በዚህ አይስማማም። ምሳ ስንበላ ይህን ሁሉ ብነግረው ትከሻውን ሰበቀ። ማን ተጎዳ? አለኝ። ፖርሽ አጥቶ የተራበ ልጅ ታውቃለህ? አንዱ ሀብታም ሌላውን ሀብታም ቢግጠው አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?

ከባድ ጥያቄ ነው፤ አባቶችም የሚረዱኝ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ሕዝብ ይረግመዋል የሚለው እህል የሚደብቀውን ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ያሰበውን የሉቃስ ወንጌሉን ሀብታም ሲተረጉም፣ ሣጥንህ ውስጥ የተሰቀለው ልብስ የታረዘው ሰው ነው ይላል። እኔ ራሴ በደርግ ጊዜ ለስኳር ወረፋ ተልኬ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ድንጋይ አስቀምጫለሁ፤ ወረፋውን በሃምሳ ሳንቲም የሚሸጥ ጎረምሳም አውቃለሁ፤ እናቴ ስትረግመው ሰምቻለሁ። እህልና ስኳር ግን ሌላ ነው። ፖርሽን ማንም አይበላትም፣ ማንም አይለብሳትም። በባስልዮስ ሚዛን ኃጢአቱ ምናልባት 184,900 ዶላሩ ላይ ነው እንጂ ከዚያ በላይ የተጨመረው ላይ አይደለም። ይህን ለጓደኛዬ አመንኩለት። ሩዙን እየጨረሰ ራሱን ነቀነቀ፤ አሸነፈኝ።

የባሰው ግን ያኔ ያልነገርኩት የራሴ ጉዳይ ነው። እዚህ አገር በማታ ትምህርት አንድ የፍልስፍና ኮርስ ወስጄ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የቀረልኝ ቶማስ አኳይናስ ነው። የካቶሊኮች ሊቅ ነው፣ የእኛ አባት አይደለም፤ እንዳትጣሉኝ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለ መግዛትና መሸጥ ሲጽፍ በቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስም ይነገር የነበረ ከባድ ቃል ያነሳል፤ ዕቃ ገዝቶ ምንም ሳይጨምርበት እንዳለ በትርፍ የሚሸጥ ሰው ከቤተ መቅደስ የተባረረው ነጋዴ እሱ ነው የሚል። ቶማስ ይህን ያለዝበዋል። ሰው ዕቃውን ሊይዘው ገዝቶ ኋላ በሌላ ምክንያት ሊሸጠው ቢፈልግ፣ በበለጠ ዋጋ ቢሸጠውም እንኳ ነጋዴ አይባልም ይላል። ልዩነቱ ያለው በገዛበት ሰዓት ልቡ ውስጥ ነው። "ምንም ሳይጨምርበት፣ እንዳለ" የሚለውን ስሰማ የፖርሿ ወንበር ላይ ያለው ፕላስቲክ ትዝ አለኝ። በእኛ መጋዘን ምንም አለመጨመር ጥፋት አይደለም፣ ሙያ ነው።

የሚገርመው የመኪና ፋብሪካዎችም እዚህ ነጥብ ላይ ደርሰዋል። ፎርድ በ2016 ለጂቲ መኪናው ማመልከቻ ሲከፍት መጀመሪያ ለ500 መኪና ከ6,500 በላይ ሰው አመለከተ፤ ብዙዎቹ ለምን እንደሚገባቸው የሚያስረዳ ቪዲዮ ሠርተው። ፎርድ የሚነዳትን ሰው እመርጣለሁ አለ፤ ውሉም ላይ ሁለት ዓመት እንዳትሸጥ የሚል አሰፈረ። የትግል ሰውና ተዋናዩ ጆን ሲና በ2017 መኪናውን ተረክቦ ሳምንታት ሳይቆይ ሸጠ፤ ፎርድ ከሰሰው፣ በ2018 ተስማሙ፣ ገንዘብም ለበጎ አድራጎት ተሰጠ። ፖርሽም ኤስ/ቲን አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ዓመት በሊዝ እንጂ በባለቤትነት አልሸጠም። አኳይናስ ለንስሐ አባት የተወውን ነገር ጠበቆች በካላንደር ሊለኩት ሞከሩ። ፍቅር ሁለት ዓመት ከሆነው እውነተኛ ነው፤ ሃያ ሦስት ወር ከሆነው የአየር በአየር ነጋዴ ነህ። እንዳትስቁ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ እኔም የለኝም።

ወደ ራሴ ልመለስ። በ2021 ቶዮታ ሲየና ማግኘት እንዴት ያለ መከራ እንደነበር እዚህ ያለ አበሻ ያውቃል። ዕቃ ጠፍቶ፣ ፋብሪካው ኢንዲያና ውስጥ የሚያወጣት ገና ከመውጣቷ ተሸጣ ታልቃለች። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ስሜን አንድ ዲለር ዘንድ አስመዘገብኩ። ከዚያ ሌላ ዲለር ዘንድም አስመዘገብኩ። ሁለተኛውን ሳስመዘግብ ለራሴ "እንዳይቀርብኝ ነው" አልኩ። ከስምንት ወር በኋላ ሁለቱም በሁለት ሳምንት ልዩነት ደወሉ። የመጀመሪያዋን ለቤቴ ወሰድኩ። ሁለተኛዋንም ፈረምኩ፤ ስፈርም ለምን እንደምፈርም አውቅ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሰው፣ አራት ልጆች ያሉት፣ በሊፍት ሰው እያመላለሰ የሚያድር፣ መኪናው ሞቶበት ነበር። አምስት ሺህ ዶላር ጨምሬ ሸጥኩለት። እጄን ስሞ ወሰዳት። ፕላስቲኩ ወንበሩ ላይ ነበር።

መጽሐፈ ሲራክ ኃጢአትን በሁለት ድንጋይ መጋጠሚያ ውስጥ እንደሚሰካ ካስማ ያያታል፤ በሻጭና በገዢ መካከል እንዲያ ትሰካለች። ለአንድ ዓመት ያህል በየእሑዱ ያን ሰው ቅዳሴ ላይ ሳየው ካስማዋ ትወጋኝ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስለ ዋጋው፣ ስለ ገበያው፣ ሌላ ሰው ስምንት ሺህ ይጨምርበት እንደነበር አብራራሁ። አባ ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ "ስትገዛት ልትነዳት ነበር?"

"አይ አባ።"

"መልስለት።"

ዘኬዎስን አስታወሱኝ። አምስቱን ሺህ በፖስታ አድርጌ ሄድኩ። ሰውዬው ግን አልቀበልም አለ፤ ተቆጣም። ያቺ መኪና ቤቴን አቁማለች፣ አንተ ባትኖር ስድስት ወር ሥራ እፈታ ነበር፣ ባለውለታዬ ነህ ብሎ ፖስታውን ኪሴ ውስጥ ከተተው። ሚስቱ ቡና አፈላችልን። የበደልኩት ሰው እንዳልተበደለ ሲምልልኝ ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም። አባም ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ገንዘቡን ለነዳያን ስጥ፣ ለአንድ ዓመት ደግሞ በየእሑዱ መኪና የሌላቸውን እናቶች በራስህ መኪና ከቤታቸው አምጥተህ መልስ አሉኝ። ዓመቱ ካለቀ ቆይቷል። እናቶቹ ግን ዓመቱ ማለቁን አልተቀበሉም። የሲየናዬ የኋላ ወንበር ዳቦ ዳቦና ዕጣን ዕጣን ይሸታል፤ አንዷ እናት የጸበል ጠርሙስ ክዳን ሳታጠብቅ እየገባች ምንጣፉን አበላሽታዋለች። ማይሏ 118,000 አልፏል።

ስለ መንዳት ከተነሳ ሚስተር ቢንን ሳልጠቅስ አላልፍም። አዎ፣ ያ የምንስቅበት ሰው፣ ሮዋን አትኪንሰን። ማክላረን ኤፍ1 ከተባለችው፣ በጠቅላላው 106 ብቻ ከተሠራችው፣ አንዷ የሱ ነበረች፤ በ1997 በ540,000 ፓውንድ ገደማ ያገኛት። ነዳት። እንደ ማንኛውም መኪና በየመንገዱ ነዳት። በ1999 ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ፤ በ2011 ደግሞ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍና ምልክት መታ፣ መኪናዋ እሳት ነካት፣ ጥገናው ከ900,000 ፓውንድ በላይ ፈጀ። ታድሳ ስትመለስ እንደገና ነዳት። በ2015 ሲሸጣት 41,000 ማይል ሄዳ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ተሰብራ ነበር፣ ዋጋዋ ደግሞ ስምንት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። ይህን ለፖርሿ ባለቤት አንድ ቀን አነሳሁበት። ሰምቶታል። ሳይጋጭ ቢሸጣት ስንት ታወጣ እንደነበር አስብ አለኝ።

ባለፈው መስከረም ያው ሰውዬ ደወለና ሸጫታለሁ አለ። ስንት እንደሆነ አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም። ገዢው ፍሎሪዳ ነው፤ አይቷት አያውቅም። ዙሪያውን የተሸፈነ የጭነት መኪና መጣ። ሞተሯን አስነስቼ ላስገባት ስል ሹፌሩ አቆመኝ፤ በወረቀቱ ላይ በሞተር እንዳትንቀሳቀስ ተብሏል። ስለዚህ በገመድ ተጎትታ ወጣች፤ እኔ በመስኮት እጄን አስገብቼ መሪዋን ይዤ አብሬያት በእግሬ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ያስታመምኳት መኪና ስትሄድ ድምፅ አላሰማችም። አዲሱ ገዢ የራሱ ልብስ ልኮላት ነበር፤ አሮጌውን ምን ላድርገው ብዬ ብጠይቅ የቀድሞው ባለቤት ጣለው አለኝ። ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ጨርቁ ጥሩ ነው። አልጣልኩትም፤ አጣጥፌ ወደ ቤት ወሰድኩት።

የዚያኑ ሳምንት ከወንድሜ ጋር በስልክ ስናወራ ነገርኩት። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ኮሮላ ዲኤክስ አለችው፣ ከእኔ ብዙ የማታንስ ሽማግሌ። በ1999 ዓ.ም. ሲገዛት ሦስተኛ ይሁን አራተኛ ባለቤት ነበር። ልጆቹን አሳድጎባታል፣ ሬሳ ሸኝቶባታል፣ ሙሽራ አጅቦባታል። የዚያን ጊዜ የገዛበትን ዋጋና ዛሬ የሚሰጡትን ሲነግረኝ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና አይገባም ተባለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀና ሃምሳ ሰባት የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት መቶ አለፈ። ባንክ ያስቀመጠ ከሰረ፣ ብረት የያዘ ተረፈ። እሱን በምን አፌ ልፍረድበት?

"ያ ልብስ ካለህ ሰው ሲመጣ ላክልኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"ለዲኤክሷ ነዋ። ፀሐዩ ቀለሟን ጨረሰው።"

"እየነዳሃት እንዴት ልብስ ታለብሳታለህ?"

"ኧረ አቁሜያታለሁ። መንገዱ ይጎዳታል። እኔ በታክሲ ነው የምሄደው።"

ለታኅሣሥ አገር ቤት የምትገባ እናት አገኘሁ፤ ከእሑድ እናቶቼ አንዷ ናት፣ ሻንጣዋ ላይ ኪሎ ተረፋት። ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ፤ ግቢው ውስጥ፣ ኮባው ሥር፣ ልብሱን ለብሳ ቆማለች። ከፊት ሰፍቷት መሬት ይነካል። ከኋላ ግን ጠቧታል፤ የዲኤክሷ ኋላ እንደ ሣጥን ነዋ። ባለቤቱ ሰፍታ እንደምታስተካክለው ጽፎልኛል።